ከባንኮክ ቅዳሜና እሁድ ወጣ ለማለት፦ ለጾመኛ እናትና ለታመመ ጉልበት የሚመች ቦታ የት ነው?

ጥያቄ — መገናኛ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ለጉልበት ሕክምና ይዤ ባንኮክ ከመጣሁ ሰንበትበት ብያለሁ። ሕክምናው የሚሰጠው በሥራ ቀናት ብቻ ስለሆነ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ድረስ ሱኩምቪት ሠፈር በተከራየነው አፓርታማ ውስጥ ተቀምጠን፣ የማይገባንን ቋንቋ በቴሌቪዥን ስንሰማ እንውላለን። እናቴ ዕድሜዋ ወደ ሰባው የተጠጋ፣ አዲስ አበባ ሳለች ከቤት ሳትወጣ መዋል የማይሆንላት ሴት ናትና መታፈኑ ከጉልበቷ ይልቅ እየጎዳት ነው። ሐኪሟ በክራንች ተደግፋ በልኩ መራመዷን ይመክራል፤ የከለከላት ደረጃ መውጣትና ዝቅ ብሎ መቀመጥን ነው።

አሁን ያለነው ዐቢይ ጾም ላይ ነው። መድኃኒት ስለምትወስድ የንስሐ አባቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን አንስተውላታል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ግን ከአፏ አይገባም። ጾሙ ከተፈታ በኋላም ቢሆን የአሳማ ሥጋ የተሠራበት ድስት ያሳስባታል። ናና አካባቢ ሽሮና በያይነቱ የሚያቀርቡ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች ስላሉ በአዘቦት ቀን አንቸገርም፤ ችግሩ የሚመጣው ከሠፈራችን ስንርቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ወደ አንድ ትልቅ ገበያ ወስጃት አትክልት ብቻ ነው ተብሎ የቀረበልን ጎመን የዓሣ ሽታ ስላለው ነጭ ሩዝና ሙዝ በልታ ተመለሰች።

ስለዚህ ከባንኮክ እስከ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ርቀት ላይ፣ ደረጃ የማይበዛበት፣ አረፍ የሚባልበት ጥላ ያለው፣ ጧት ሄደን ማታ የምንመለስበት ወይም አንድ ሌሊት የምናድርበት ቦታ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ቦታውን ስትነግሩኝ እዚያ ምን ልትበላ እንደምትችል አብራችሁ ብትጨምሩልኝ ይበልጥ ይጠቅመኛል፤ በየድረ ገጹ የማነበው ምክር ሁሉ ለወጣትና ያገኘውን ለሚበላ ሰው የተጻፈ ነው። የቡድሃ ቤተ መቅደሶችን ከውጭ ማየት አይከብዳትም፤ ጫማ አውልቃ ወደ ውስጥ መግባቱን ግን አትፈልገውም፤ ይህንንም ከግምት አስገቡልኝ። ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ሰንብተን ነው የምንመለሰው።


ምላሽ — የፕራቱናም ነጋዴ

ወንድሜ፣ ለእናታችን ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክላት። ቦታውን የሚጠቁሙህ ሰዎች አይጠፉም፤ እኔ የልብስ ንግድ ይዞኝ ጾሙን እዚህ ከተማ የማሳልፍ ሴት በመሆኔ ስለ ምግቡ ብናገር ይሻላል፤ ምግቡ አስቀድሞ ካልታሰበበት የትም ብትወስዳት መጨረሻው ነጭ ሩዝና ሙዝ ነውና።

በመጀመሪያ ልታውቀው የሚገባህ «ጄ» የሚባለውን ምግብ ነው። ዘራቸው ከቻይና የሚመዘዝ ታይላንዳውያን የሃይማኖት ልማድ ሲሆን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ፈጽሞ አይገባበትም፤ ለማጣፈጫ በሚጨመረው የዓሣ ፈሳሽ ፈንታ የአኩሪ አተር ሶስ ይጠቀማሉ። ከእኛ ጾም የሚለየው ቀይ ሽንኩርትንና ነጭ ሽንኩርትንም የሚከለክል በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ እናታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀምሰው ቁሌት ያልገባበት ወጥ ቢመስላት አይግረምህ፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠውን የተፈጨ ደረቅ በርበሬ ነስነስ ታድርግበት። ምልክቱ ቢጫ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ በቀይ የተጻፈ ሁለት ፊደል ነው፤ ታይኛ ለማያነብ ሰው 17 ቁጥር ይመስላል። በቻይናውያን አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር ሲገባ፣ በእኛ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ማለት ነው፣ ለዘጠኝ ቀን የጄ በዓል ስለሚከበር ያዎራት የሚባለው የቻይናዎች ሠፈር በቢጫ ባንዲራ ይሸፈናል፤ አሁን ወቅቱ ስላልሆነ ግን ፈልጎ ማግኘትን ይጠይቃል። ባንዲራውን ያየህበት ቤት ገብተህ ከተደረደሩት ምግቦች የፈለግኸውን በጣትህ እያሳየህ ሩዝ ላይ ማስጨመር ነው። እኔ የማውቃቸው ቤቶች አብዛኞቹ ማለዳ ከፍተው ከቀትር በኋላ ምግባቸው ስለሚያልቅ፣ ከከተማ በምትወጡበት ቀን ጧት ገዝተህ በምሳ ዕቃ ብትይዝ ትገላገላለህ። «ማንግሳዊራት» የሚል ምልክት ካጋጠመህ ግን ጠይቅ፤ ሥጋ የለበትም እንጂ እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል።

ባንዲራው በሌለበት ቦታ አደጋው የተደበቀው ማጣፈጫው ውስጥ ነው። አረንጓዴውም ሆነ ቀዩ የካሪ ወጥ ሥጋው ቢቀር እንኳ ድልሁ ሲወቀጥ ከሽሪምፕ የተዘጋጀ ቅመም ስለሚገባበት ጾም አይደለም። የተጠበሰ አትክልት በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል፤ የዓሣው ፈሳሽ ደግሞ እንደ እኛ ጨው በሁሉም ላይ ይደረጋል። ፓድ ታይ የሚሉት የተጠበሰ ኑድል እንቁላልና ደረቅ ሽሪምፕ አለው። ሶም ታም የሚሉት የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ እንኳ ሁለቱንም፣ ደረቅ ሽሪምፑንም የዓሣውንም ፈሳሽ፣ ይዟል፤ እሱ ግን ፊትህ የሚወቀጥ ስለሆነ ሙቀጫው ታጥቦ፣ በጨውና በሎሚ ብቻ እንዲሠራ ማዘዝ ትችላለህ። ይህን ሁሉ በቃል ለማስረዳት አትድከም፤ ታይኛ በድምፅ አወጣጥ የሚለያይ ቋንቋ በመሆኑ ለእኛ ጆሮ ዶሮና እንቁላል አንድ ዓይነት ናቸው። የምትኖሩበት ሕንፃ እንግዳ ተቀባይ ላይ ሄደህ «ጄ ብቻ እበላለሁ፤ የዓሣ ፈሳሽ፣ የሽሪምፕ ቅመም፣ እንቁላልና የአሳማ ስብ አይግባብኝ» የሚል ወረቀት አጽፈህ በስልክህ ፎቶ አንሣው፤ ሻጮቹ ሲያነቡት ወዲያው ይገባቸዋል፤ የማይችሉ ከሆነም ራሳቸውን ነቅንቀው በትሕትና ይሸኙሃል።

ደግነቱ የታይላንድ ጣፋጭ ብዙው በላም ወተት ሳይሆን በኮኮናት ወተት የሚሠራ ነው። በከሰል የተጠበሰ ሙዝ፣ የተቀቀለ በቆሎና ኦቾሎኒ፣ ማለዳ የሚሸጥ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት የትም አይጠፉም። ማንጎውም የሚደርሰው አሁን በጾሙ ማብቂያ ነው፤ የሚጣበቀውን ሩዝ በኮኮናት ወተት ለውሰው ከበሰለ ማንጎ ጋር የሚያቀርቡትን አንድ ጊዜ ካቀመስካት የፈለገችው ቦታ ሁሉ ትከተልሃለች።


ምላሽ — የሰሜኑ ተማሪ

ለእናትዎ ምሕረትን እመኛለሁ። እኔ የምጠቁምዎ አዩታያን ነው። ከባንኮክ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1350 የተቆረቆረችና እ.ኤ.አ. በ1767 በበርማ ጦር እስክትጠፋ ድረስ የሲያም መንግሥት ዋና ከተማ የነበረች ቦታ ናት፤ ፍርስራሿ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እናትዎ ወደ ቤተ መቅደስ ውስጥ መግባት ካልፈለጉ ይህች ከተማ ትመቻቸዋለች፤ አብዛኛው የሚታየው ነገር ጣሪያው የፈረሰ የሸክላ ጡብ ሕንፃ ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ ሆኖም ይታያል።

ባቡሩ ርካሽ ነው፤ ከሁዋ ላምፖንግ የሚነሣው የሦስተኛ ማዕረግ ዋጋ በጥቂት አሥር ባት የሚቆጠር ሲሆን ጣቢያው ከሱኩምቪት በምድር ውስጥ ባቡር ይደረሳል። ቢሆንም ለእናትዎ አልመክረውም፤ የፉርጎው መወጣጫ ከፍ ያለ ነው፣ አዩታያ ሲደርሱም ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ወደ አሮጌው ከተማ ለመግባት ወይ በጀልባ መሻገር ወይ ሌላ መኪና መያዝ ያስፈልጋል። ከባንኮክ መኪና ተኮናትሮ መሄድ ይሻላል። እዚያ ሲደርሱ ግን መኪናውን አቁመው የከተማዋን ባጃጅ ይያዙ፤ ፊቱ እንደ እንቁራሪት አፍንጫ ሾጠጥ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ፣ በሰዓት የሚከራይ ነው፤ ከአንዱ ፍርስራሽ ወደ ሌላው ሲሄዱ ነፋስ ያገኛሉ። ከመሳፈራቸው በፊት የመርገጫውን ከፍታ ይመልከቱላቸው።

በዛፍ ሥር ተጠላልፎ የቀረው የቡድሃ ራስ የሚገኘው ዋት ማሃታት ውስጥ ነው። ፎቶ የሚነሣ ሰው ከቡድሃው ራስ ከፍታ በታች ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ይጠየቃል፤ እናትዎ ዝቅ ማለት ስለማይችሉ ራቅ ብለው ቆመው ማየት እንጂ አጠገቡ መነሣቱ ይቅር። ከሁሉ የምወደው ግን ዋት ቻይዋታናራምን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1630 ንጉሥ ፕራሳት ቶንግ ያሠራው ሲሆን ወንዙ ዳር ስለቆመ በማምሻው በጀልባ ሲያልፉ ከውኃው ላይ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ጥቂት ደረጃ አለ፤ ሁለት ሰው ከደገፋቸው ይቻላል እላለሁ፤ ውሳኔው የሐኪማቸው ነው።

ምግቡን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ፤ አዩታያ የታወቀችባቸው ነገሮች ለጾም አይሆኑም። በከሰል የሚጠበሰው ትልቁ የወንዝ ሽሪምፕ፣ መረቁ ብዙ ጊዜ በደም የሚወፍረው የጀልባ ኑድል፣ ከእንቁላል አስኳል የሚሠራው ወርቃማ ክር የመሰለ ጣፋጭ ሁሉም ከፋሲካ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው፤ ኑድሉስ ከፋሲካ በኋላም ለእናትዎ አይሆንም። ሙስሊም ቤተሰቦች የሚሠሩት ሮቲ ሳይ ማይ የሚባል ነገር አለ፤ ስስ ቂጣ ውስጥ እንደ ጥጥ የተፈተለ ስኳር ተጠቅልሎ የሚበላ ነው፤ ከተማው ሆስፒታል ፊት ለፊት ሻጮቹ ተደርድረው ቂጣውን በእጃቸው ምጣድ ላይ እየነኩ ሲጋግሩ መመልከቱ ብቻ ያዝናናል። ሊጡ ውስጥ እንቁላል አለመግባቱን በወረቀትዎ ጠይቀው ይግዙ።


ምላሽ — ጓዘ ቀላል

ካንቻናቡሪን አትርሱ። ከቶንቡሪ ጣቢያ በየቀኑ ማለዳ የሚነሣ ባቡር አለ፤ ለውጭ ዜጋ 100 ባት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች በምርኮኞችና በእስያውያን የጉልበት ሠራተኞች ያሠሩትን የክዋይ ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ፣ ገደል ጥግ በእንጨት በተሠራው ተንጠልጣይ ሐዲድ ላይ ያልፋል። ወደ 7,000 የሚጠጉ ጃፓንን የተዋጉ የሕብረቱ አገሮች ወታደሮች ያረፉበት መካነ መቃብርም ከተማው መሐል ነው፤ ሜዳና በደንብ የተያዘ ስለሆነ ለክራንች አይከብድም። ከዚያ ኤራዋን ፏፏቴ ሄዳችሁ እግራችሁን ውኃ ውስጥ ስታስገቡ ዓሦቹ ይነካክሷችኋል፤ እናትህ ይሥቃሉ።


ምላሽ — ጣና ዳር

የቀደሙት ምክሮች ሁሉ ለጤነኛ ሰው መልካም ናቸው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ሙቀቱን ማስላት ያስፈልጋል። በዚህ ወቅት ቀትር ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። የካንቻናቡሪው ባቡር ማቀዝቀዣ የሌለው፣ ወንበሩ የሚያደነዝዝ፣ እስከ ድልድዩ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ነው፤ ኤራዋንም ሰባት እርከን ያለው ፏፏቴ ስለሆነ ከመጀመሪያዎቹ እርከኖች በላይ በክራንች የሚታሰብ አይደለም። አዩታያም ቢሆን ጡቡ ፀሐይ የጠጣ፣ ዛፉ የሳሳ ቦታ ስለሆነ ከጧቱ አራት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ካልሆነ አረጋዊት ሴት ይዞ መዞሩ አይመከርም።

እኔ ቾንቡሪ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ለእናትዎ የምመርጥላቸው ባንግ ሴንን ነው። ከባንኮክ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በታች የሆነ፣ መንገዱ ካልተዘጋ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚደረስበት የባሕር ዳርቻ ነው። አውቶቡስ ለሚፈልግ ሰው በሰማይ ባቡሩ ኤካማይ ወርዶ አጠገቡ ካለው መናኸሪያ መሳፈር ይችላል። የውጭ አገር ቱሪስት እምብዛም አያዘወትረውም፤ ቅዳሜና እሁድ የሚሞላው ልጆቻቸውንና አያቶቻቸውን ጭነው ከባንኮክ በሚመጡ ታይላንዳውያን ቤተሰቦች ነው። አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ውኃው በፖስታ ካርድ ላይ እንደሚታየው ሰማያዊ አይደለም፤ ደፍረስ ያለ ነው። ሰው የሚመጣው ግን ለመዋኘት ብቻ ሳይሆን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ነፋስ እየተቀበለ ለመብላት ነው፤ በባሕሩ ጥግ ርዝመት ጃንጥላና ወንበር ተደርድሮ ይከራያል፤ ከኋላውም የኮኮናት ዛፎችና ሜዳማ የእግረኛ መንገድ አለ። ወንበር ሲከራዩ ሸራ የተወጠረበትንና ወደ ኋላ የሚያጋድመውን ትተው ቀጥ ያለውን የፕላስቲክ ወንበር ይጠይቁ፤ ከሸራው ላይ ለመነሣት ጤነኛ ጉልበትም ይፈተናል። ወንበር ተከራይቼ ከቤት ያመጣሁትን ምግብ ስበላ አንድም ቀን ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ እህታችን ከላይ እንዳሉት የጄውን ምሳ በምሳ ዕቃ ይዞ መምጣት ይቻላል።

ከባሕሩ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቆ ኖንግ ሞን የሚባል ገበያ አለ። የሚገኘው እናንተ በምትኖሩበት በዚያው በሱኩምቪት ጎዳና ላይ ነው፤ መንገዱ ከባንኮክ ተነሥቶ ባሕሩን እየተከተለ እስከ ካምቦዲያ ድንበር ጠረፍ ድረስ ይዘልቃልና። ገበያው በመላ አገሪቱ የታወቀበት ነገር ካኦ ላም ነው፤ የሚጣበቅ ሩዝ ከኮኮናት ወተት፣ ከስኳርና ከጥቂት ጨው ጋር፣ ብዙውን ጊዜም ጥቁር ባቄላ ተጨምሮበት፣ በቀርከሃ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በእሳት የሚበስል ነው። ሻጯ ቱቦውን በቢላዋ ጀርባ መታ መታ አድርጋ ስትሰነጥቀው ሩዙ የቀርከሃውን ስስ ሽፋን እንደ ሸሚዝ ለብሶ ሙሉውን ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የረጋው የኮኮናት ወተት ከሁሉ ይጣፍጣል። ለጾም ይህን የሚያህል ነገር በዚህ አገር አላገኘሁም፤ ያጠግባል፣ ለመንገድ ይያዛል፣ እጅ አያቆሽሽም። ብቻ እንቁላል የገባበት ክሬም የሚሞሉበት ዓይነትም ስላለ ሲገዙ ጥቁር ባቄላ ያለበትን ወይም ተራውን ነጩን ይምረጡ። ገበያው ውስጥ የደረቀ ዓሣና ሽሪምፕ ሽታው ጠንከር ያለ ነው፤ እናትዎ ካልወደዱት መኪና ውስጥ ቆይተው እርስዎ ቢገዙ ይቀላል።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ከበረታ ቡራፓ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የባሕር እንስሳት ማሳያ እዚያው ባንግ ሴን አለ፤ በመስታወት ውስጥ ዓሣ እያዩ በቀዝቃዛ አየር አንድ ሰዓት ማረፍ ነው። ካኦ ሳም ሙክ የሚባለውን ኮረብታ በመኪና መዞርም ይቻላል፤ መስኮቱን ግን ዝጉ፤ ዝንጀሮዎቹ የያዛችሁትን ሙዝ ሳይሆን ፌስታሉን እንዳለ ነው የሚወስዱት። በመመለሻችሁ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ አንግ ሲላ ብትቆሙ ከድንጋይ የተጠረበ ሙቀጫና ዘነዘና የሚሸጥበት መንደር ታገኛላችሁ። ማስጠንቀቂያዬ ይህ ነው፦ እናትዎ ካዩት ይገዙታል፤ ትንሹም ቢሆን ብዙ ኪሎ ይመዝናል፤ የሻንጣችሁን ሚዛን አስቀድማችሁ አስቡ።


ምላሽ — መገናኛ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእናቴ አንብቤላት የሙቀጫውን ነገር ስትሰማ ገና ሳንሄድ መምረጥ ጀምራለች፤ ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ባንግ ሴን እንሄዳለን። አዩታያን ጠዋት በማለዳ ወጥተን ከሙቀቱ በፊት ለመመለስ ለሌላ ሳምንት አቆይቼዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። መኪና የምንኮናተረው እንዴት ነው? ደግሞም ጾሙ ከተፈታ በኋላ ዓሣ መብላት ስለምትችል፣ ለዓሣ ተብሎ የሚኬድበት ቅርብ ቦታ የቱ ነው?


ምላሽ — የፕራቱናም ነጋዴ

የመኪናውን በተመለከተ ለሙሉ ቀን ተነጋገር፤ ነዳጅና የፈጣን መንገድ ክፍያ ዋጋው ውስጥ መካተቱን፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱና ስንት ቦታ እንደምትቆሙ ከመነሣታችሁ በፊት በጽሑፍ ይሁንልህ። በስልክ መተግበሪያ መሄጃው በቀላሉ ይገኛል፤ ከባንግ ሴን ማታ መመለሻ ለማግኘት ግን ልትጠብቅ ትችላለህ፤ ከእናት ጋር ሆኖ ያ አይገባም። ዝቅ ያለ የቤት መኪና ለእሷ አስቸጋሪ ነው፤ በጣም ከፍ ያለ ሚኒባስም እንዲሁ። መቀመጫው ከዳሌዋ ቁመት ጋር የሚተካከል፣ በተለምዶ ለሰባት ሰው የሚሉት ዓይነት ይሻላታል።

ዓሣውን ካነሣኸው አምፓዋ ውሰዳት። ከባንኮክ ወደ ደቡብ ምዕራብ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚደረስ፣ በቦይ ዳርና ዳር የተሠራ የእንጨት ቤቶች ከተማ ሲሆን ተንሳፋፊ ገበያው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ከቀትር በኋላ ይደራል። ሴቶቹ ጀልባቸው ላይ ከሰል አቀጣጥለው ሽሪምፕና ዓሣ ይጠብሳሉ፤ በላተኛው ወደ ውኃው በሚወርደው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይቀበላቸዋል። ያ ደረጃ ለእናታችን አይሆንም፤ ስለዚህ በቦዩ ዳር ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ቤት ያዙና አንተ ወርደህ ከጀልባዋ እየገዛህ አምጣላት። ሰዉ ሳይበዛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድረሱ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ በክራንች አይኬድም። ማታ በጀልባ ወስደው አብሪ ትሎች የሚያሳዩት አለ፤ እሱ ይቅርባችሁ፤ በጨለማ ጀልባ መግባትና መውጣት አለው። ሻጮቹ የማታውን ሰዓት ሲቆጥሩ ከአንድ የሚጀምሩት እንደ እኛ ጀምበር ከገባች በኋላ ስለሆነ፣ በማታ ሦስት ሰዓት እንዘጋለን ካሉህ የእኛው ሦስት ሰዓት ነው።

በዚያው አካባቢ የሜክሎንግ ገበያ አለ፤ ሐዲዱ ላይ የተዘረጋው ጉሊት ባቡር ሲመጣ ጃንጥላውን አጥፎ ቅርጫቱን ወደ ኋላ ስቦ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ተመልሶ የሚዘረጋበት ነው። ለማየት ደስ ይላል፤ ክራንች ለያዘ ሰው ግን ሐዲዱ መሐል መግባት አይሆንም፤ ጣቢያው ጎን ቆማ ትመልከት። እዚያ «ፕላ ቱ» የሚባለውን አንገቱ ተቀልብሶ በትንሽ የቀርከሃ ሰፌድ ላይ የተደረደረ ዓሣ ታያለህ፤ በእንፋሎት የበሰለ ስለሆነ ቤት ወስደህ በዘይት ጠበስ አድርገህ በእንጀራ ልትበሉት ትችላላችሁ።

ቀኑን ስትመርጥ ሶንግክራንን አስብ። የታይላንድ አዲስ ዓመት በየዓመቱ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ቀን ድረስ ነው። አገሩ ሁሉ ወደየቤተሰቡ ስለሚሄድ ከበዓሉ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ከባንኮክ መውጫና መግቢያ መንገዶች ይዘጋሉ፤ በበዓሉ ቀናት ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ውኃ ይረጫል፤ እርጥብ ወለልና ክራንች አብረው አይሄዱም። እነዚያን ቀናት ቤት አሳልፏቸው፤ ለፋሲካው ዶሮ ወጥም ናና ካሉት ቤቶች ለአንዱ ቀደም ብለህ ንገር። አምፓዋን ከሶንግክራን ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ አድርገው።